ቤቱን ያሳመመው መድኃኒቱ ነው

ሰውየው ቤታችን ውስጥ የቆየው ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። በእጁ የያዛት መሣሪያ ጫፏ ላይ ሁለት መርፌ አላት፤ ግድግዳው ላይ ሲጫናት ትጮኻለች። ሳሎን ጮኸች። ኩሽና ጮኸች። ደረጃው ሥር ስትደርስማ ማቆሚያ አጣች። ባለቤቴ እጄን ያዘች። ሰውየው ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው፤ እንደዚህ ዓይነት ቤት ሁሉ አለበት» አለን። በማግስቱ የዋጋ ዝርዝሩ በኢሜይል ደረሰን፦ 4,200 ፓውንድ። ምርመራው ግን በነጻ ነበር።

በነጻ። እዚህ ጋ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ይህን የምጽፈው ቤት ስለማደስ ምክር ለመስጠት አይደለም፤ ለሱ ዩቲዩብ ሞልቷል። የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ በዚያ ሰው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ኮከብ ሰጥቼው እተወው ነበር። የተናደድኩት «አሮጌ ማለት በሽተኛ፣ ሲሚንቶ ማለት መድኃኒት» በሚለው እምነት ላይ ነው። እምነቱ ደግሞ የሰውየው ብቻ አልነበረም፤ የኔም ነበር። በዚህ እምነት ሁለት ቤት ጎድቻለሁ። አንደኛው እንግሊዝ አገር ነው ያለው። ሁለተኛው ጎንደር።

*

የእንግሊዙ ቤት ዌስት ዮርክሻየር ውስጥ፣ ከሊድስ በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። እንግሊዞች «ቴራስ» የሚሉት ዓይነት፦ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው በረድፍ የቆሙ ቤቶች። የኛ ከመሃል ያለው ነው። ታች ሁለት ክፍል፣ ላይ ሁለት ክፍል፣ ከኋላ እጅ የምታህል ግቢ። 1870 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ለሱፍ ፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው ዛሬ አፓርታማ ሆኗል። ግድግዳው ግማሽ ሜትር የሚወፍር ድንጋይ ነው። ስለወደድነው አይደለም የገዛነው፤ የባንክ ብድራችን የደረሰው እሱ ላይ ስለሆነ ነው።

እናቴ በቪዲዮ ሳሳያት ዝም ብላ አየችና፣ «ይኼ እኮ የድሮ ቤት ነው። እንግሊዝ አገር አዲስ ቤት የለም እንዴ?» አለችኝ። «እናድሰዋለን» አልኳት። ማደስ ማለት ለኔ ምን ማለት እንደነበር ልንገራችሁ፦ ያረጀውን አውጥቶ አዲስ መክተት። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ እኔ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ሁለታችንም ከዚያ በፊት ግድግዳ ላይ ሚስማር ከመምታት ያለፈ ነገር ሠርተን አናውቅም። ስለዚህ ዩኒፎርም የለበሰውን ሰው አመንን። ከፈልን።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍታ ድረስ የነበረውን የኖራ ልስን አረገፉት። ከግድግዳው ሥር በረድፍ ቀዳዳ እየበሱ ኬሚካል ከተቱበት። ከዚያ ውሃ በማያስተላልፍ ሲሚንቶ ለሰኑት፤ በላዩ ላይ ጂፕሰም። ነጭ ቀለም ቀባነው። አማረ። ፎቶ አንስተን ለጥፈን ሰው ሁሉ ልብ ሰጠን።

ብርዱ ሲገባ እርጥበቱ ተመለሰ። ግን አንድ ሜትር ላይ አልነበረም፤ ከአዲሱ ልስን በላይ፣ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ፣ ግድግዳውን እንደ ቀበቶ ዞሮ ታየ። አልጠፋም ነበር፤ ከፍ ብሎ መውጫ ፈልጎ ነው። በጃንዋሪ ሳሎኑ እንጉዳይ እንጉዳይ መሽተት ጀመረ። የወለሉን ጣውላ አንስተን ስናይ፣ ወለሉን የተሸከሙት እንጨቶች ጫፋቸው፣ ማለትም ግድግዳው ውስጥ የገባው ክፍል፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ረጠበ ዳቦ ይሰምጣል። ባለቤቴ ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የተነሣው ጣውላ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ልጁን እዚህ ነው የምናመጣው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ገንዘብም አልነበረኝም።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገሬ ሰው። የኛ ከዚያም የባሰ ነበር፤ ተበድረን ያመጣነው ጤፍ ድንጋይ የበዛበት ነው።

*

ነገሩን የፈታው ከኛ ሦስት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ስንት ጊዜ ሰላም ብለውኝ አልፌያቸዋለሁ። ቤቱን እንዲያዩልን ስለምናቸው ውስጥ አልገቡም። «ሲዘንብ ጥራኝ» ብለው ሄዱ። ዮርክሻየር ነውና ብዙ አልጠበቅንም። በማግስቱ ዝናቡ ውስጥ ኋላ ግቢ ቆመው ወደ ላይ ማየት ጀመሩ።

አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል፤ በዘነበ ቁጥር ውሃው እየዘለለ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ቀጥለው ወደ ታች አዩ። ከኛ በፊት የነበሩ ባለቤቶች ግቢውን ኮንክሪት በኮንክሪት ላይ እየደረቡበት፣ የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል በላይ ሆኗል። ከወለሉ ሥር አየር እንዲዘዋወር የተተዉት ሁለት ቀዳዳዎች በዚያው ኮንክሪት ተደፍነዋል። ሽማግሌው ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ ውሃው ከየት መጣ ብለህ ሳትጠይቅ ግድግዳውን አትክሰስ።

የአሸንዳው መጋጠሚያ ዋጋ 14 ፓውንድ ነበር። ኮንክሪቱን በኪራይ መሣሪያ በሁለት ቅዳሜ ሰበርነው። የአየር ቀዳዳዎቹን በመሮ ከፈትናቸው። በጠቅላላው ለሰውየው ከከፈልነው አንድ አሥረኛውን አይሆንም። ዋናው ወጪ ሌላ ነበር፦ ሰውየው የለሰነውን ሲሚንቶ ማስወገድ። የበሰበሱትን እንጨቶች መቀየር። መድኃኒቱን ማከም።

*

እዚህ ጋ ትንሽ ምህንድስና ታገሡኝ፤ ጠቡ ያለው እዚሁ ላይ ነውና።

አዲስ ቤት ውሃን የሚቋቋመው በመከልከል ነው፦ መሃሉ ክፍት የሆነ ድርብ ግድግዳ፣ ከሥሩ ውሃ የማያስተላልፍ ላስቲክ። የድሮው ቤት በሌላ ሐሳብ ነው የተሠራው። ግድግዳው ውሃ እንደሚገባ ከመጀመሪያው አምኖ ተቀብሏል። ሲዘንብ ትንሽ ይጠጣል፤ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ ይተፋል። የሚተፋው በአብዛኛው በድንጋዩ በኩል ሳይሆን ድንጋዮቹን ባያያዘው ኖራ በኩል ነው፤ ኖራው ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳና ውሃ አሳላፊ ስለሆነ። ውርጭና ጨው ሲመጣም መጀመሪያ የሚጎዳው ኖራው ነው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የተበላውን ኖራ ፍቀህ አዲስ ትሞላለህ፤ ድንጋዩ እንዳለ ነው። ኖራው እዚያ የተቀመጠው በድንጋዩ ፈንታ እንዲያልቅ ነው። ፊውዝ ማለት ነው።

ሲሚንቶ ስታስገባ ተራው ይገለበጣል። አሁን የጠነከረው ማያያዣው፣ የደከመው ድንጋዩ ነው። ውሃው በሲሚንቶው በኩል መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ ይወጣል፤ ውርጭ ሲመታው ድንጋዩ ይፈረፈራል። እዚህ ሠፈር በእግር ብትሄዱ ታዩታላችሁ፦ የሲሚንቶው መስመር እንደ ዓሣ መረብ ወጣ ብሎ ቆሟል፤ መሃል ለመሃል ያለው ድንጋይ ወደ ውስጥ ተበልቷል። ፊውዙን በሚስማር ቀይረህ ቤቱ ሲቃጠል እንደማየት ነው።

የሚገርመው፣ ፖርትላንድ ሲሚንቶ የተወለደው እዚሁ አጠገባችን ነው። በ1824 (እ.ኤ.አ.) ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የሊድስ ግንበኛ ነው በስሙ ያስመዘገበው። ሰውየውን አልወቅስም። ድልድይና ግድብ ያለ ሲሚንቶ አይታሰብም፤ እኔም ከነገ ጀምሮ ጭቃ ድልድይ ይሠራ አልልም። ግን ላስቲክ ጥሩ ነገር ስለሆነ ብቻ የላስቲክ ሸሚዝ ለብሶ የሚሮጥ ሰው የለም።

ታዲያ ሲሚንቶ ኖራን ለምን አሸነፈው? ስለሚሻል ብቻ አይደለም፤ ስለሚፈጥን ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል። ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ሊጥ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ከተለሰነ በኋላ የለቀቀውን ጋዝ ከአየር ላይ ቀስ እያለ መልሶ ይስብና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ይህ ሳምንታት፣ ከዚያም ወራት ይፈልጋል። እንዳይደርቅበት እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለህ፤ ውርጭ ባለበት ወራት ጨርሶ አትነካውም። ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠብቅ የኖረውን ነገር ኮንትራክተሩ ሦስት ሳምንት መጠበቅ አይችልም። «ዘመናዊ» የምንለው ብዙ ነገር እንዲህ ነው፤ ለቤቱ የተመረጠ ሳይሆን ለሠሪው የጊዜ ሰሌዳ የተመቸ።

*

ያቺ የምትጮኸው መሣሪያስ? ውሃ አትለካም። በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ነው የምትለካው፤ ቁጥሮቿም የተቀመሩት ለእንጨት ነው። ግድግዳ ውስጥ ጨው ካለ ትጮኻለች። ለዘመናት የከሰል ጭስ የጠጣ የምድጃ ግድግዳ ካገኘች ትጮኻለች። በኋላ በ25 ፓውንድ የራሴን ገዝቼ አልሙኒየም ፎይል ላይ አስቀመጥኳት፤ እሷው ናት፣ ጮኸች። ደረቅ ፎይል!

እኔ እኮ የኤሌክትሪካል ምሩቅ ነኝ። ሬዚስታንስ መለካት የጀማሪ ላብራቶሪ ሥራ ነው። ሰውየውን ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩትም፤ ምክንያቱም መልሱን ቀድሜ አምኜ ነበር። ቤቱ አሮጌ ነው፤ አሮጌ ከሆነ ታሟል፤ ከታመመ የሚያድነው አዲስ ነገር ነው። መሣሪያዋ የጮኸችው እኔ ልሰማ የፈለግኩትን ነው።

መሣሪያዋን በሚገባ ለሚያውቃት ሰው ጥሩ ፍንጭ ትሰጣለች። ጥፋቱ የሚመጣው መርማሪውና መድኃኒት ሻጩ አንድ ሰው ሲሆኑ ነው። ሐኪሙ የሚከፈለው በሽታ ሲያገኝ ብቻ ከሆነ፣ ጤነኛ ሰው ከክሊኒኩ አይወጣም። የቤቱን ጤና የማወቅ ጉዳይ ለሻጮች ብቻ የተተወ እንዳይሆን የተሞከረ ነገር አለ፤ በ2022 የእንግሊዝ የቅርስ ተቋም ሂስቶሪክ ኢንግላንድ፣ የሰርቬየሮቹ ማኅበር አርአይሲኤስ እና የእርጥበት ሕክምና ባለሙያዎች የሚወከሉበት ማኅበር ሳይቀር በባህላዊ ቤቶች ላይ እርጥበት እንዴት መመርመር እንዳለበት አንድ የጋራ ሰነድ አውጥተዋል። መንፈሱ የሽማግሌው ጎረቤቴ ንግግር ነው፦ ቤቱን በሙሉ እይ፣ ምክንያቱን ፈልግ፣ ከዚያ ስለ መፍትሔው አውራ።

*

ኮድ የምትጽፉ ጓደኞቼ ይህን ታሪክ በሌላ ስም ታውቁታላችሁ። አዲስ ሥራ ትገባላችሁ፤ የቆየ ሲስተም ይሰጣችኋል፤ አንድ ሳምንት ሳትቆዩ «ይኼ ቆሻሻ ነው፣ ከዜሮ እንጻፈው» ትላላችሁ። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ያቺ «ምን ትሠራለች?» ብላችሁ የሰረዛችኋት መስመር ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሲስተሙን የምታድነው እሷ ሆና ትገኛለች። ኔትስኬፕ ብሮውዘሩን ከሥሩ እንደ አዲስ ልጻፍ ብሎ በተቀመጠበት ጊዜ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) እስከ 2000 ድረስ ትልቅ አዲስ ቨርዥን ሳያወጣ ቀረ፤ ማይክሮሶፍት ገበያውን ወሰደበት።

አሮጌ ነገር ሁሉ ጥበብ ነው እያልኩ አይደለም። አሮጌ ኮድ ውስጥ እውነተኛ ቆሻሻ ሞልቷል። የምለው፣ ቆሻሻውን ከፊውዙ ለመለየት መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል ነው።

*

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ኮሜንት ለመጻፍ ጣታችሁ ተዘጋጅቷል።

«ኑሮው አልጎረበጠህም፣ የሶፍትዌር ደሞዝ ይዘህ ድህነትን ታሞግሳለህ» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በከፊል። በኔ ሳሎን መጀመሪያ የኖሩት የፋብሪካ ሠራተኞች ስለ ኖራ መተንፈስ ግጥም አይጽፉም ነበር። ሽንት ቤታቸው ውጭ ነበር፤ አሥር ሆነው ሁለት ክፍል ውስጥ ያድሩ ነበር፤ ሳንባቸውን ከሰል ይበላው ነበር። የኛን ቤት ማንም ወደዚያ ይመልሰው አልልም። መታጠቢያ ቤት አስገብተናል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን በሙሉ ቀይረናል፤ ጣሪያው ሥር ሙቀት መያዣ አንጥፈናል።

«ብርዱስ? እነዚህ ቤቶች ማገዶ ይበላሉ» ትላላችሁ። ይህ ከሁሉም የከበደ ጥያቄ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከአምስት ቤት አንዱ ገደማ ከ1919 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ነው፤ ሁሉም መሞቅ አለበት። ግን ፕሬስተን ከተማ፣ ፊሽዊክ የሚባለው ሠፈር የሆነውን እዩ። በ2013 አካባቢ በደግ ሐሳብ ከ300 በላይ ቤቶች ከውጭ ሙቀት በሚይዝ ሽፋን ተለበጡ። ሥራው በአግባቡ ስላልተሠራ ዝናቡ ከሽፋኑ ኋላ ገባ፤ ገብቶም መውጫ አጣ። ሰዎቹ ከብርድ ይድናሉ ሲባል ሻጋታ ውስጥ ተቀመጡ። ቤቱን ማሞቅ ሌላ፣ ማፈን ሌላ።

«ታዲያ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት አይሻልም?» የሚል አለ። እሱም ተሞክሯል። ከ2002 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ መንግሥት በተለይ በሰሜን ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ቴራስ ቤቶችን ያስፈረሰ «ፓዝፋይንደር» የሚባል ፕሮግራም ነበረው። ሊቨርፑል ቶክስተዝ ውስጥ ዌልሽ ስትሪትስ የሚባሉት ጎዳናዎች፣ የቢትልሱ ሪንጎ ስታር የተወለደበት ማድሪን ስትሪት ያለበት ሠፈር፣ ሰው እንዲወጣ ተደርጎ መስኮቶቹ ታሽገው ለዓመታት ቆሙ። ዛሬ አብዛኞቹ ታድሰው ቤተሰብ ይኖርባቸዋል። እዚያው አቅራቢያ ግራንቢ ላይ የቀሩት ጥቂት ነዋሪዎች ደግሞ ማንንም አልጠበቁም። መንገዱን ጠረጉ፤ በረንዳው ላይ አበባ ተከሉ፤ ባዶዎቹን ቤቶች ቀለም ቀቡ፤ ቤቶቹን በጋራ የሚይዝ የማኅበረሰብ ባለአደራ ድርጅት አቋቋሙ። አብሯቸው የሠራው አሰምብል የተባለ የወጣት አርክቴክቶች ቡድን በ2015 የተርነር ሽልማትን አሸነፈ። «ያበቃላቸው» የተባሉት ቤቶች በአገሪቱ ትልቁን የሥነ ጥበብ ሽልማት አስገኙ። ይታያችሁ፣ ቤቶቹ አልተለወጡም ነበር። የተለወጠው የሚያያቸው ሰው ነው።

*

እስካሁን የእንግሊዝን ቤት ሳወራ የሚቀለኝ ገንዘቡ የኔ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ቤት የኔ አልነበረም።

አያቴ የምትኖረው ጎንደር ከተማ ዳር ነው። ቤቷ ጭቃ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት የቆየ ጭቃ፣ ሥሩ በድንጋይ ከፍ ያለ፣ የቆርቆሮው ክፈፍ ወጣ ብሎ ግድግዳውን ከዝናብ የሚያጠልል። ልጅ ሆኜ ክረምት ሲወጣ፣ ለዘመን መለወጫ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የተላጠውን ሲመርግ እግሬን ጭቃ ውስጥ ከትቼ አብሬ እረግጥ ነበር። በየዓመቱ ትንሽ ይላጣል፤ በየዓመቱ ትንሽ ይመረጋል። ያኔ ድህነት ይመስለኝ ነበር።

እንግሊዝ አገር በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከደሞዜ ቆጥቤ ገንዘብ ላክሁ። «የአያቴ ቤት በሲሚንቶ ይለሰንልኝ» አልኩ። ስጦታ ነበር። ከዚህ በኋላ ማንም ጭቃ እንዳይረግጥ። ተለሰነ፤ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ፤ ፎቶው ሲደርሰኝ ቢሮ ውስጥ እንባዬ መጣ። «ተባረክ ልጄ» አለችኝ።

ሦስት ክረምት ቆየ። ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው ግን ደረቅ ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ውሃ ገባ። የገባው ውሃ መውጫ አጣ። በሦስተኛው ክረምት የምሥራቁ ግድግዳ ልስን እንደ ቅርፊት በአንድ ጊዜ ተገንድሶ ወደቀ፤ ከጀርባው ያለው ማገር በስብሷል፤ የበሰበሰውን ደግሞ ምስጥ ደርሶበታል። ስደውልላት፣ «ሲሚንቶውን የመጠኑት በደንብ አይደለም» አልኩ። መሐንዲስ ነኝና። አያቴ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ኮት አለበስከው፤ ኮቱን ግን ማታ ማታ ማን ያውልቅለት? በላቡ በሰበሰ» አለችኝ።

ያን ቀን አልገባኝም። የገባኝ ከዓመት በኋላ ዮርክሻየር ውስጥ፣ የተነሣ ጣውላ ጫፍ ላይ፣ ባለቤቴ ስታለቅስ ነው።

ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ትምህርቱ እዚያው ጎንደር ውስጥ መኖሩ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1636 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋን ሲቆረቁሩ የተጀመሩት የፋሲል ግቢ ግንቦች በድንጋይና በኖራ ነው የቆሙት። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ግቢውን ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቀሙ። ግቢው በ1979 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የቅርስ ጠጋኞቹ ብዙ ድካም ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የማይስማማውን ሲሚንቶና ኮንክሪት እያወጡ በኖራ መተካት። ልጅ ሆኜ በየጥምቀቱ በግቢው አጥር ሥር አልፌያለሁ። አንድ ቀን እንኳን ቀና ብዬ ግድግዳውን አላነበብኩትም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስልካችን ላይ የነበረውን ክርክር አስታውሱ። እኔ ጆሮ የደረሱት ሁለት ጎራዎች ናቸው፦ «ቅርስ ነው፣ አትንኩት» እና «ቆሻሻ ነው፣ አፍርሱት»። ሁለቱም ቤቱን ሳያዩ ነው የተከራከሩት። የመጀመሪያው ጎራ እዚያ ውስጥ ለሃያ ሰው አንድ ሽንት ቤት እንደነበረ ይረሳል፤ በዚያ ቤት የኖረ ሰው የተሻለ ነገር መመኘቱ ሀቁ ነው። ሁለተኛው ጎራ ደግሞ የሽንት ቤት እጦትን የጭቃው ጥፋት ያደርገዋል። ለአሥርት ዓመታት አሸንዳ ያልተቀየረለትን፣ ቦይ ያልተቆፈረለትን፣ ምርጊት ያልነካውን ቤት «አርጅቶ ነው» እንለዋለን። አላረጀም፤ ተጥሏል። በእርጅናና በመጣል መካከል ያለው ልዩነት ለሰውም ለቤትም አንድ ነው።

*

ስለዚህ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ፣ ቤታችሁ ታሟል የሚላችሁን ሰው መድኃኒቱንም እሱ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁት። የሚሸጥ ከሆነ ሌላ ሰው ጥሩ፤ ክፈሉትም። የምርመራ ዋጋ ከነጻ ምርመራ ይረክሳል፤ በደረሰኝ ላረጋግጥላችሁ እችላለሁ።

ሁለተኛ፣ አንድ ዓመት ሳትኖሩበት ግድግዳውን አትንኩት። ክረምቱንም በጋውንም ይለፍ። ሲዘንብ ውጡና እዩ። እኛ ልጅ ሊወለድ ነው ብለን ቸኮልን፤ ባንቸኩል ኖሮ 14 ፓውንድ ይበቃን ነበር።

ሦስተኛው ለናንተ ነው፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ። አብረውኝ የተማሩ የሲቪል ልጆችን ጠይቄያቸው ነበር። የኮንክሪት ቅይጥ ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሷቸው ይነግሯችኋል። ስለ ኖራ ስጠይቃቸው አንዱ፣ «ለስታዲየም መስመር ማስመሪያ ነው እንዴ?» አለኝ። ስለ ጭቃ ስጠይቃቸው ሳቁ። አገሬው የሚኖርበትን ቤት የማያነብ መሐንዲስ ምን ዓይነት መሐንዲስ ነው? ራሴንም ነው የምጠይቀው። ጭድና ጭቃ ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት፣ ክፈፉ ስንት ክንድ መውጣት እንዳለበት የሚያውቁ ሰዎች አሁን በሕይወት አሉ። አብዛኞቹ አያቶቻችን ናቸው። እነሱ ካለፉ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማኑዋል ከፍለን እናወርዳለን።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። የምንልከው ገንዘብ ፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ገንዘቡን ከነትእዛዙ አንላክ። እኔ «በሲሚንቶ ይለሰን» ባልል፣ «እማምዬ፣ ቤቱ ምን ጎደለው?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ መልሱን በኋላ ሰምቼዋለሁ፦ ቦይ እንዲቆፈርላትና ሁለት ቆርቆሮ እንዲቀየርላት ነበር የምትፈልገው።

*

እኛ ጋ አሁን ሲሚንቶው ወርዷል። ሽማግሌው ጎረቤታችን ማንኪያ አያያዝ አስተምረውኝ፣ ሁለት ክረምት የፈጀ ቢሆንም የሳሎኑን ግድግዳ ራሳችን በኖራ ለሰንነው። አላማረም። ወጣ ገባ ይላል፤ ፎቶ አንስተን አልለጠፍነውም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በወር ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ቢደርቅ ነው ይላሉ፤ የኛው ግማሽ ሜትር ነው፣ እናንተው አስሉት። ልጃችን መራመድ ጀምራለች፤ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትሄደው፣ እጇም ነጭ እየሆነ ይመጣል።

የአያቴ የምሥራቅ ግድግዳ ከቋሚው ጀምሮ እንደ አዲስ ተሠራ። እስኪያልቅ አንድ ክረምት አክስቴ ቤት ነው ያሳለፈችው፤ በሰማንያ ዓመቷ ከቤቷ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ ይህን ማንም አይፍቅልኝ። በዚህኛው ጊዜ የላክሁት ለጭድ፣ ለእንጨትና ለቦይ ነው። የቀረውን ሲሚንቶ ግን ጎረቤቶቹ እያረገፉት ሳለ አንድ የሠፈሩ ወጣት መጥቶ፣ «እማማ፣ እንዴት ብሎክ ሳያሠሩልዎት ወደ ጭቃ ይመለሳሉ?» አላቸው አሉ። ልጁ ክፉ አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት የነበርኩት እኔ ነው።

ባለፈው እሑድ ስደውልላት ከሁሉም በፊት የጠየቀችኝ፣ «ያንተስ ቤት ደረቀ?» ብላ ነው።

«እየደረቀ ነው፣ እማምዬ።»

«አትቸኩል» አለችኝ። ከዚያ ስለ ልጅቷ ጥርስ ጠየቀችኝ።